ገናን ቂሊንጦ ላይ ለሚያሰናዳ

ቂሊንጦ የሚኖር ሰው ዘመድ ለበዓል ሲጠራ አስቀድሞ የሚያስረዳው አለመታሰሩን ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለቀልድ ይጠቀምበታል። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው አጎቴ ግን ከምሩ ነበር፤ ስልክ ላይ «ቂሊንጦ ነኝ» ስለው «ምን አድርገህ?» አለኝ። ማረሚያ ቤቱ የሰፈሩን ስም ጠቅልሎ ወሰደው እንጂ እዚህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የሃይኒከን ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ከመሃል ከተማ የመጣ ቤተሰብ የሞላበት ኮንዶሚኒየምም አለ። የእኛ ቤተሰብ ገናን እኔ ቤት ማሳለፍ ከጀመረ ዓመታት ሆነው። ዶሮውን እናቶቻችን ያውቁበታል፤ ምክር አያሻቸውም። ከተማው ጫፍ ላይ በዓሉን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም መንገዱ፣ ውኃው፣ ደረጃውና ሰዓቱ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩትም ስለዚሁ ነው።

መንገዱን ከምግቡ በፊት አስቡ። ከአዳማ የሚመጣ ዘመድ ዕድለኛ ነው፤ የፍጥነት መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ስለሚያደርሰው መሃል ከተማ ሳይገባ ቤታችን ይደርሳል። የሚቸገሩት ሽሮ ሜዳና ፒያሳ ያሉት ናቸው፤ በአንድ ከተማ እየኖርን ከአዳማው ዘመድ ይልቅ እነሱ ይደክማሉ። ከመስከረም 2008 ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር እስከ ቃሊቲ ያመጣል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የታክሲ ዕጣ ነው። በዋዜማው ማታ ሁሉም ሰው እጁ ላይ ዶሮ ወይም ፌስታል ይዞ ነው የሚሰለፈው። ስለዚህ የሩቆቹን በዋዜማው ከቀትር በኋላ መጥተው እንዲያድሩ እጠይቃለሁ። አድራሻ ስትነግሩም የመንገድ ስም አትፈልጉ፤ የብሎክ ቁጥር፣ በቴሌግራም የተላከ ሎኬሽን፣ ታች ወርዶ የሚቀበል አንድ ጎረምሳ ይበቃል።

የበዓሉ ጠዋት የጠያቂ ነው። ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ እናቶች፣ ሕፃን ያዘሉ ሚስቶች፣ ቴርሞስ የያዙ ወንድሞች ከየሰፈሩ ወደ ማረሚያ ቤቱ ይጎርፋሉ። ወጡ ሳይቀዘቅዝ ለማድረስ የሚቸኩል ሰው ፊት ላይ የሚታየውን እዚህ ሰፈር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ለእንግዶቼ «ጠዋት አትምጡ፤ ወይ እደሩ ወይ ረፋድ ላይ ድረሱ» የምለው ለእነሱ ምቾት ብቻ አይደለም፤ የጠዋቱን የታክሲ ወንበር ከእኛ ይልቅ ጠያቂዎቹ ይፈልጉታል።

ቅርጫውን ጾሙ ሳይጋመስ ጨርሱ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እኔ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የብሎካችንን ሰዎች እየዞርኩ አነጋግራለሁ። ማን ይገባል፣ ማን ግማሽ መደብ ይበቃዋል፣ ማን አካፋይ ይሆናል የሚለው እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ካልተቋጨ የበዓሉ ሳምንት የሚያልፈው በጭቅጭቅ ነው። ሰንጋውን ከአቃቂ ገበያ እንገዛለን። በሬ የሚያውቅ ሰው መላክ ግን ግድ ነው፤ ደላላው ወፍራሙን ሳይሆን ውኃ የጠጣውን ያሳያችኋል። ሲገዛም ሦስት ሰው ይሂድ፤ አንዱ ዋጋ ይከራከር፣ አንዱ ገንዘቡን ይያዝ፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ በሬውን ይመልከት። አራጁም እንደ ሰንጋው አስቀድሞ ይያዝ። በዚያ ሌሊት ከብሎክ ብሎክ የሚዞር ሰው ነው፤ ቀብድ ያልሰጠው መጨረሻ ይደርሰዋል። እርዱ የሚካሄደው ለዚሁ በተሠራው ኮሚናል እንጂ ደረጃ ሥር መሆን የለበትም። ሥጋው ተመድቦ፣ ዕጣ ወጥቶ፣ ወደየቤቱ እስኪገባ ረፋድ ይሆናል፤ ስለዚህ ለቁርስ ጥብስ ቃል አትግቡ። የገናን ጠዋት የሚሸከመው ዶሮ ወጥ ነው።

አብሳይዋ ወጡን አትቀምስም። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። በዋዜማው ሌሊት ዶሮውን የምትሠራው እናቴ ጾመኛ ናት፤ ጨውና በርበሬውን የምትለካው በአፍንጫዋና በዓይኗ ነው። መፍትሔው ጾም ያልጀመሩትን ልጆች ማንቃት ነው። የእህቴ ትንሽ ልጅ በቤታችን ቀማሽ ሆና ተሹማለች፤ «ጨው ይጨመር» ካለች ማንም ይግባኝ አይልም። ሽንኩርቱ በበዓሉ ሳምንት ስለሚወደድ ቀደም ብሎ ከእሑድ ገበያ ይገዛ፤ ደረቅ ቁሌቱም ቀድሞ ከተሠራ ሌሊቱ ይቀላል።

ውኃ በፈረቃ ነው፤ መብራትም ምጣድ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲበራ ይደክማል። እንጀራው ከሁለት ቀን በፊት ይጋገር፣ ጀሪካኑ ይሞላ፣ ከሰሉ ይቀመጥ።

ለሽማግሌዎች ደረጃውን አስቡ። ኮንዶሚኒየማችን ባለ አራት ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ጉልበቷን የሚያማት አክስቴ አራተኛ ፎቅ ከወጣች በኋላ እስከምትሄድበት ቀን ድረስ አትወርድም፤ ያ ደግሞ በዓል አይሆንላትም። አሁን ምሳውን ታች እናደርገዋለን። እድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው፤ ለለቅሶ ብቻ የተገዛ የሚመስለው ሰው ቢኖርም ለገና ብንጠይቅም ይሰጡናል። ቄጠማው ታች ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ታች ይፈላል፣ ጎረቤቱም ሳይጠራ ይቀላቀላል። ፎቅ ላይ ተዘግቶ ከሚበላ ምሳ ይህን ሺህ ጊዜ እመርጣለሁ።

ሌሊት ከቅዳሴ ለሚመለሱት መኪና አስቀድሞ ይያዝ። ከአርባ ቀን በላይ የጾመ ሆድም በቀጥታ ቅቤና በርበሬ ሲወርድበት ይቆጣል፤ እኛ ቤት በመጀመሪያ የሚቀርበው ተልባ ነው፣ ዶሮው ከእንቅልፍ በኋላ። ወጣቶቹ ይህን ሕግ አያከብሩም፤ ከሰዓት በኋላ ማን ሆዱን ይዞ እንደሚተኛ ግን አይተናል።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድንኳኑ ሥር አብረውን ይቀመጣሉ። ለእነሱ ዶሮውን ወይም በጉን ከነሕይወቱ እንሰጣለን፤ ራሳቸው ባርከው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። በረመዳን ማግስት ደግሞ ተራው የእነሱ ነው። ይህን ለከተማ ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ግን «ለምን ሁለት ድስት?» ብሎ ስለሚጠይቅ አስቀድማችሁ አስረዱት።

ምግብ ቤት መሄድ ካማራችሁ በማግስቱ ሂዱ። በገና ዕለት ብዙው ምግብ ቤት ይዘጋል። ትልልቆቹ ሆቴሎች ቡፌ ያዘጋጃሉ፤ ለጥንዶች ጥሩ ነው፣ ለእናቴ ግን አይሆንም፤ ሳህን ይዞ መሰለፍን እንግድነት አድርጋ አትቆጥረውም። በዚያ ላይ ከቂሊንጦ ቦሌ ድረስ ከመንገላታት ቢሾፍቱ ይሻላል። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ደጃችን ነው፤ ባቦጋያ ወይም ሆራ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ መብላት ሥጋ ለሰለቸው ሁሉ እረፍት ነው። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ ውኃ እያዩ ያወራሉ። ከተማ ማየት ለሚፈልግ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ዘመድ ደግሞ አንድነት ፓርክና የአድዋ ድል መታሰቢያ አሉ፤ ሁለቱን ግን በአንድ ቀን አታድርጉ፣ እግር ያልቃል።

ወጪው በወንድምና እህት ይከፈል። ከውጭ የመጣ ወንድም ስላለ ሁሉን እሱ ይሸፍን የሚለው ልማድ አንድ ዓመት ያስደስታል፤ በሁለተኛው ሰውየው መምጣት ያቆማል።

ለዚሁ ከውጭ ለሚመጣው ደግሞ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ንገሩት። የፈረንጅ ገና እኛ ጋ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ያኔ የመጣ ዘመድ ቤታችን ጾም ላይ ይደርሳል፣ ሽሮና ምስር በልቶ ገናን ሳያይ ይመለሳል። የሥራ ፈቃዱን ወደ ጃንዋሪ 7 ይግፋው፤ ከተቻለም አሥራ ሁለት ቀን ጨምሮ ጥምቀትን ይይ። ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ሲያልፍ ገና አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 እንደሚውል የረሱ ብዙ ናቸው። የ2019 ገና ታኅሣሥ 29፣ ሐሙስ ነው፤ የ2020 ደግሞ ታኅሣሥ 28፣ ዓርብ ይውላል፤ ዓርብ ቢሆንም ይበላል።