በአንዲት «ር» የሚመዘን ሰው

አንድ ባለሥልጣን ወይም ባለሙያ በእንግሊዝኛ መግለጫ ሰጠ እንበል። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮው ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ምን እንደተናገረ የሚጠይቅ የለም፤ መሳቂያ የሚያደርገው «እስኩል» ማለቱ ነው። አራሚው ይበዛል፤ «እንዲህ ነው የሚባለው» ባዩ ይበዛል። ለመሆኑ ትክክለኛው የማን አጠራር ነው?

የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው አልተስማሙም። ለንደን ላይ «ባስ» የሚባለው አውቶቡስ ሰሜን እንግሊዝ ሲደርስ «ቡስ» ይሆናል። በደቡባዊ አሜሪካ ብዙዎች እስክሪብቶውንም ስፒሉንም «ፒን» ይሉታል። አውስትራሊያዊው «ቱዴይ» ሲል ለሌላው ጆሮ «ቱዳይ» ይመስላል።

ልዩነቱ በራሱ ክፋት የለውም። ጣጣው የሚመጣው የሰው መመዘኛ ሲሆን ነው።

ዊልያም ላቦቭ የተባለ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1962 ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት ትልልቅ መደብሮችን ዞረ። አንዱ የሀብታሞች፣ አንዱ የመካከለኞች፣ አንዱ የርካሽ ዕቃ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ የሚያውቀውን ዕቃ እየጠራ «የት ነው?» ይላል፤ ሻጮቹም «ፎርዝ ፍሎር» ብለው ይመልሳሉ። እሱ የሚያዳምጠው «ር»ን ነበር። በውዱ መደብር «ር» ጎልታ ተሰማች፤ በርካሹ በብዛት ተዋጠች።

እንግሊዝ ውስጥ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ የተማሩና የተከበሩ የሚባሉትም «ር»ን ይውጣሉ፤ መኪናን «ካር» ሳይሆን «ካ» ይሏታል። ያው አንድ ድምፅ አንዱ አገር ያስከብራል፣ ሌላው አገር ያዋርዳል። እንግዲህ ክብሩ ያለው ከድምፁ ሳይሆን ከተናጋሪው ወንበር ነው።

እንግሊዞችም በገዛ ወገናቸው ላይ ሲፈርዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1941፣ በጦርነቱ መሃል፣ ቢቢሲ የዮርክሻየሩን ሰው ዊልፍሬድ ፒክልስን የአገር አቀፍ ዜና አንባቢ ሲያደርገው፣ በሰሜን ዘዬው ቅር የተሰኙ አድማጮች ቅሬታ አሰሙ። ዜናው ያው ዜና ነበር።

ነገሩ ከቅሬታም ያልፋል። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ባውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው በሦስት ዓይነት ዘዬ ለቤት አከራዮች ስልክ ደወለ። የነጮች ሰፈር ላይ በጥቁር አሜሪካውያን ወይም በሜክሲኮ ተወላጆች ዘዬ ሲናገር፣ ቤት ለማየት የሚያገኘው ቀጠሮ ቀነሰ። ፊቱን ያየው ሰው አልነበረም፤ «ሄሎ» ማለቱ በቂ ነበር።

ወደ እኛው «እስኩል» እንመለስ። አማርኛ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ማጋጠም አይወድም፤ ስለዚህ ምላሳችን «እ»ን አስቀድሞ መንገድ ይጠርጋል። ይህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አሻራ እንጂ የእውቀት ጉድለት አይደለም። በእርግጥ አድማጭ የማይረዳው አጠራር ሊስተካከል ይገባል፤ ቋንቋ ለመግባባት ነውና። ተረድቶ መሳቅ ግን ማረም አይደለም።

የሳቁ ዕዳ የሚከፈለው ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር፣ መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ተማሪ አለ። የሚፈራው መሳሳትን አይደለም፤ አፉን ሲከፍት የሚሰማውን ሳቅ ነው።