ሠዓሊዋና መዝገብ ያዡ፦ ሜሪ ቢል በባለቤቷ ደብተር ውስጥ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የአንዲት ሴት የሥዕል ችሎታ የመልካም አስተዳደግ ጌጥ ተደርጎ ይታይ ነበር እንጂ መተዳደሪያ ሙያ ይሆናል ተብሎ እምብዛም አይታሰብም ነበር። ሜሪ ቢል (እ.ኤ.አ. 1633–1699) ግን በብሩሿ ቤተሰቧን አስተዳድራለች። ይህን በዝርዝር የሚመሰክረው ደግሞ ባለቤቷ ቻርልስ የያዘው የሥራ ደብተር ነው። አንዲት ሠዓሊ ለታሪክ የተረፈችው በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ ከሆነ፣ ያ ጽሑፍ የእርሷን ድምፅ ይተካል ወይስ ያሰማል? የሜሪን ሕይወት የሚያጠና ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ሜሪ የተወለደችው በሰፈክ አውራጃ፣ ባሮው በተባለች መንደር ነው። አባቷ ጆን ክራዶክ የደብሩ ካህን ሲሆኑ ለራሳቸው ደስታ ሥዕል ይሥሉ ነበር። በ1652 ቻርልስ ቢልን አገባች፤ ባርቶሎሚውና ቻርልስ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆችንም አሳደጉ። በ1663 አፕሪኮት የተባለውን ፍሬ በቀለም እንዴት መሣል እንደሚገባ ጽፋለች፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ በሴት እጅ ከተጻፉት ቀደምት የሥዕል ሥራ ማስታወሻዎች አንዱ ነው። በ1665 የባሏ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስተማማኝ አለመሆኑና ወረርሽኙ ተደራርበው ቤተሰቡ ለንደንን ለቆ በሃምፕሽር ወደምትገኘው ኦልብሩክ ሄደ።

በዚያ የገጠር ቆይታ ሜሪ ስለ ጓደኝነት አንድ ድርሳን ጻፈች። የሐሳቧ አንኳር፣ ሔዋን ለአዳም የተሰጠችው ወዳጅ እንድትሆነው እንጂ እንድትገዛለት አልነበረም የሚል ነው፤ ስለዚህ ጋብቻ በእኩዮች መካከል የሚጸና ወዳጅነት ሊሆን ይችላል። በዚያው ጊዜ ገደማ የሣለችው የራሷ ምስል ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የቁም ሥዕሎች ማዕከል ይታያል። በሥዕሉ ላይ የሁለቱ ልጆቿ መልክ የተነደፈበትን ሸራ በእጇ ይዛለች፤ የቀለም ገበታዋም ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እናትነቷንና ሙያዋን በአንድ ሸራ ላይ ያለ አንዳች ይቅርታ አኑራቸዋለች።

ቤተሰቡ በ1670 ገደማ ወደ ለንደን ተመልሶ ፓል ማል በተባለው መንገድ የሥዕል ቤት ከፈተ። ከዚህ በኋላ ቻርልስ የሚስቱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ቀለም ያዘጋጃል፣ ሸራ ያሰናዳል፣ ሊሣል የመጣውን ሰው ስምና የተከፈለውን ገንዘብ ይመዘግባል። ዋጋው እስከ ደረት ለሚደርስ ምስል 5 ፓውንድ፣ እስከ ጉልበት ለሚደርስ 10 ፓውንድ ነበር። በ1677 ሜሪ 83 ትእዛዞችን ተቀብላ 429 ፓውንድ ገደማ አግኝታለች። ከተሣሉት መካከል ጆን ቲሎትሰንን የመሳሰሉ ታዋቂ ካህናት ነበሩ። ልጆቹም የምስሎቹን ድንጋይ መሰል ክብ ክፈፎች እየሣሉ ያግዙ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ፒተር ሌሊ ወዳጃቸው በመሆኑ ሲሠራ እንድታይ ፈቅዶላታል።

ደብተሩ ከሒሳብ መዝገብነት ያልፋል። ቻርልስ ሚስቱን በፍቅር ስም እየጠራ የሠራችውን ያደንቃል፤ ወጪ ለመቆጠብ ተራ ጨርቅና የሽንኩርት ከረጢት በሸራ ምትክ መሞከራቸውንም ይጽፋል። ድርሳኑና ደብተሩ ጎን ለጎን ሲነበቡ ትርጉማቸው ይጠራል፤ ሜሪ በ1660ዎቹ በሐሳብ የዘረዘረችው እኩል ወዳጅነት በ1670ዎቹ በየቀኑ ሥራ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ረገድ ደብተሩ ድምፅዋን አልነጠቃትም። ሆኖም ወሰን አለው። ስንት እንደተከፈለ ይናገራል እንጂ ሜሪ በፊቷ የተቀመጠውን ሰው ስታይ ምን እንዳሰበች አይናገርም። ሌሊ በ1680 ከሞተ በኋላ የእርሱ ፈለግ ከፋሽን ሲወጣ የሜሪም ደንበኞች ቀነሱ፤ የ1681 ደብተር ይህን መቀዛቀዝ ያሳያል፤ የሠዓሊዋን ስሜት ግን አይገልጥም።

ከሥዕል ቤቱ ደብተሮች እስከ ዛሬ የተረፉት የ1677ቱና የ1681ዱ ናቸው፤ የመጀመሪያው በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛው በብሔራዊ የቁም ሥዕሎች ማዕከል ይገኛል። የሁለት ዓመት መዝገብ ይህን ያህል ካወራ፣ መዝጋቢ ያላገኙት ሠዓሊዎች ዕጣ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። በዚያው ዘመን የሠራችው ጆን ካርላይል ዛሬ የምትታወቀው በጥቂት ሥዕሎች ብቻ ነው። በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው የዝና ልዩነት የችሎታ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ የወረቀት ልዩነት ነው። ስለዚህ የሜሪ ቢል ታሪክ ለተመራማሪ የሚያስተላልፈው ትምህርት ቀላልም ከባድም ነው፦ የሰነድ አለመኖር የሥራ አለመኖር ማስረጃ አይደለም፤ የተረፈውም ሰነድ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈውና ምን እንደተወ ሳይጠየቅ ሙሉ ምስክር ሊሆን አይችልም።