«የት ደረስክ?»



ይህን የምንጽፈው ሦስት ሆነን ነው። ባለፈው ረመዳን አንድ እሑድ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ቤተሰብ ጠይቀን ወደ ግቢ ስንመለስ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚዘልቀው ዋናው አስፋልት ነው። ጥሊሊን፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማን፣ አቋርጦ ያልፋል። በአዊ ደግሞ አስፋልት የመኪና ብቻ አይደለም። ፈረስ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ሁሉም የሚሄደው በዚያው ነው።

የሹፌሩ ስልክ ገና ከቡሬ ሳንወጣ ጮኸ። አነሳና «አዎ፣ ተነስቻለሁ» ብሎ ዘጋው። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተደወለ። በሦስተኛው ጊዜ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል አጣብቆ ማርሽ ሲቀይር አየን። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «አንተ ልጅ፣ ስልኩን ተወውና ንዳ እንጂ! ሰው እኮ ነው የጫንከው» አሉት። ረዳቱ ሳቀ። እኛ ከኋላ ወንበር ላይ ዝም አልን።

ዝምታችንን አንደብቃችሁም። ከመሐላችን አንዱ በዚያው ሳምንት በጀመዓው ደርስ ላይ በመልካም ስለማዘዝና ከመጥፎ ስለመከልከል የተሰጠውን ትምህርት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ ይዟል። ደብተሩ ጭኑ ላይ ባስቀመጠው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ያፈርነው ሹፌሩን አይደለም፤ ተሳፋሪው ዞሮ ቢያየን ነው ያፈርነው። ሙስሊም ያልሆኑት እናት ተናገሩ፣ እኛ «ቢስሚላህ» ብለን የተሳፈርነው ግን አንገታችንን ደፋን።

ጥሊሊ መግቢያ ላይ ለአራተኛ ጊዜ ተደወለ። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ለማየት ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ከሰል የጫነ ጋሪ ፊቱ ነበር። ፍሬን ረገጠ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ፈረሱ ደንብሮ ወደ ቦዩ ወረደና ጋሪው ተንጋደደ። የሚነዳው አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ዘሎ ስለወረደ ተረፈ፤ ፈረሱም ተረፈ፤ አልሐምዱሊላህ። አንድ ጆንያ ፈንድቶ ከሰሉ አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

ወርደን ጋሪውን ስናነሳ፣ ከሰሉንም በእጃችን ስንለቅም ሹፌሩ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ተሳፋሪው ሲጮህበት መልሱ አንድ ነበር፦ «እኔ ምን ላድርግ? አንድ ተማሪ ነው፤ ካርቶን ቴምር አስጭኖብኝ ከቡሬ ጀምሮ መቀመጫ አሳጣኝ።»

ቴምር። እርስ በርስ ተያየን። አንድ ነጋዴ ወንድማችን ከቡሬ ለግቢው ኢፍጣር ስድስት ካርቶን እንደሚልኩ ሰምተን ነበር። ቀና ብለን ብናይ ካርቶኖቹ ከቦርሳዎቻችን ጎን ታስረዋል። ደዋዩ ከኢፍጣር ኮሚቴያችን አንዱ ወንድም ነበር። መግሪብ ሳይደርስ ቴምሩ እንዲገባ ጨንቆት ነው። እኛ እዚያ መኪና ውስጥ መኖራችንን አያውቅም። ለአላህ ብሎ የሚለፋ ልጅ ነው፤ አንዲት ክፉ ሐሳብም በልቡ አልነበረችም። ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንዲወጣ የፈቀደውም እሱ ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ቁጭ ብለን አየነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ ውስጥ 50 ሜትር ይሄዳል። ማን እንደደወለ ለማየት 3 ሰከንድ ይበቃል። እነዚያን 50 ሜትሮች ሹፌሩ ያለፋቸው ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚሄድ ሰው ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ የ699 አሽከርካሪዎችን የስልክ መዝገብ ከደረሰባቸው ግጭት ጋር ያስተያየ ጥናት ታትሞ ነበር። ስልክ በሚጠቀሙበት ጊዜ የመጋጨት ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እኛን የገረመን ግን ሌላው ነው፤ በእጃቸው ሳይዙ በሚያወሩትም ላይ የተሻለ ደኅንነት አልታየም። ችግሩ እጅ መያዙ ብቻ አይደለም፤ ልብ ሌላ ቦታ መሄዱ ነው። ኹሹዕ የጎደለው ሰላት የሰገደ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም፤ ዓይን ሱጁድ ቦታ ላይ ሆኖ ልብ ገበያ ሊውል ይችላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ እያሽከረከሩ በሞባይል ማውራትን ጥፋት አድርጎ ይዞታል። ብዙ ሹፌር ይህን የሚያስበው ከትራፊክ ፖሊስ ጋር በቅጣት ወረቀት የሚያልቅ ነገር አድርጎ ነው። ሰው ሲሞት ግን ስሌቱ ይለወጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። የሌሎችን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ሹፌርም ከዚሁ ውስጥ ነው፣ በቸልተኝነት ቢገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት አለበት። ይህንኑ አደጋ ለመከላከል የወጣ ግልጽ ደንብ አውቆ ጥሶ ከሆነ፣ ወይም የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ከገንዘብ መቀጮ ጋር ይሆናል። ጥሊሊ ላይ ያ ልጅ ባይዘልልስ? ሹፌሩ ሦስት ልጆች እንዳሉት የነገረን ከሰል ስንለቅም ነው።

«ይህ የመንግሥት ሕግ ነው፤ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩናይ ባደረገው 8ኛ ጉባኤው፣ በውሳኔ ቁጥር 71፣ ስለ ትራፊክ አደጋ ለብቻው ተነጋግሯል። ሸሪዓን የማይቃረኑ የትራፊክ ደንቦችን ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ መሆኑን፣ ሹፌርም በሰውና በንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት በመሠረቱ ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ሱረቱ ኒሳእ ውስጥ በስህተት ሙእሚንን የገደለ ሰው ላይ ያለውን ደግሞ ሁላችንም ተምረነዋል። ለቤተሰቡ ካልማሩት በቀር ዲያ አለ፤ ነጻ የሚያወጣው ባሪያ ያላገኘ ሰው ሁለት ወር አከታትሎ ይጾማል። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተወዋለን። እኛ ግን በዚያ ምሽት፣ የረመዳኑ ሠላሳ ቀን መቼ ያልቃል ብለን የምንቆጥር ልጆች፣ ስድሳ ቀን የሚለው ቁጥር ከብዶን ነበር።

ለኡስታዛችን ያቀረብነው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ደዋዩስ? የፊቅህ ሊቃውንት ጉዳቱን በቀጥታ ያደረሰው «ሙባሺር» እና ምክንያት የሆነው «ሙተሰቢብ» አንድ ላይ ሲገኙ ፍርዱ በቀጥታ አድራሹ ላይ እንደሚሆን አስረዳን። ካሳው የሹፌሩ ነው ማለት ነው። ትንሽ ተነፈስን። ኡስታዙ ግን ኪታቡን ሳይዘጋ «ስንት ጊዜ ነው የደወላችሁት?» አለን። አራት ጊዜ አልነው። «ሹፌር መሆኑን ታውቁ ነበር?» አለን። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

የሚያሳስበን ይኸው ነው። ከእኛ ውስጥ መኪና የሚነዳ ጥቂት ነው። የምንደውል ግን ሁላችንም ነን። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ አለ፣ ወንድሙ ባጃጅ የሚነዳ አለ። ሰነድ፣ በሶ፣ ገንዘብ፣ ልብስ በሹፌር እናስልካለን፤ ከዚያ ስልኩን ይዘን «የት ደረስክ?» እንላለን። መንገድ በማያስተማምንበት በዚህ ጊዜ ደግሞ እናቶቻችን አምስት ጊዜ ቢደውሉ አይፈረድባቸውም። ጭንቀት ነው የሚያስደውላቸው። ግን የጨነቀን ሰው መሪ ይዞ ሳለ ነው መልስ የምንጠብቀው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማስወገድን ከኢማን ክፍሎች ቆጥረውታል፤ እኛ እንጅባራ ሆነን ጥሊሊ ላይ እንቅፋት አስቀመጥን።

ኮሚቴው አሁን ዕቃ የሚያስልክበት ደብተር አለው። የሹፌሩ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ተሰርዞ የረዳቱ ቁጥር ይጻፍበታል። ረዳት ከሌለ አጭር መልእክት ተልኮ ይጠበቃል። አንዳንዶች አጋነናችሁት ብለው ሳቁብን፤ ይሳቁ።

የልጁን አባት ቁጥር ያን ቀን ይዘን ነበር። የፈነዳውን ጆንያ ዋጋ ሹፌሩ እከፍላለሁ ቢልም፣ ከእኛም ድርሻ እንዲኖርበት ተዋጣን። በሳምንቱ ኮሚቴ ያለው ወንድማችን፣ ያው ደዋዩ፣ ገንዘቡን በምን እንላክልዎ ብሎ ለመጠየቅ ደወለላቸው። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። የኮቴና የመኪና ድምፅ ነበር። «ልጄ፣ አስፋልት ላይ ነኝ፤ ፈረሱን ይዣለሁ። ዳር ይዤ ልደውልልህ» አሉና ዘጉት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደወሉ።