ስልኩ «ጉንፋን ነው» አለን

ባለፈው ኅዳር ቡሬ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ ተነሣ። ራሱን ያመዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽም ያስለዋል። እኔ ከቤተ ክርስቲያን እስክመለስ ታላቅ እኅቱ ስልኳን ከፍታ ፈልጋ ጨርሳለች። «እማየ፣ ጉንፋን ነው፤ ትኩስ ነገር ይጠጣና ይረፍ ይላል» አለችኝ። እናቱም ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ማፍላት ጀምራ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ፣ በኅዳር ወር በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ያተኮሰው ልጅ ደሙ ሳይታይ «ጉንፋን ነው» እንደማይባል ነው። ስለዚህ ይዘነው ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ጣቱን ወጋ አድርገው አዩት፤ ወባ ነበር። መድኃኒቱን በሦስት ቀን ጨረሰ፤ በሳምንቱ ኳስ እየተጫወተ ነበር።

ማታ ልጅቱ አኩርፋ «ታዲያ ስልኩ ዋሸኝ?» አለችኝ። «አልዋሸሽም፤ ግን ያለነው ቡሬ መሆኑን አልነገርሽውም፤ ደሙንም አላየም» አልኳት። ኮምፒውተር የሚያስተምረው አጎቷ ይህን ሲሰማ ሳቀና አንድ ታሪክ አጫወተን።

ጉግል የተባለው ድርጅት ኅዳር 2001 ዓ.ም. ላይ አንድ አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር። ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት በስልኩና በኮምፒውተሩ ስለ ሕመሙ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ ከሐኪሞች የሚሰበሰበው የኢንፍሉዌንዛ ሪፖርት ተጠናቅሮ እስኪወጣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይዘገያል። ባለሙያዎቹ ሰዎች አዘውትረው ከሚፈልጓቸው 50 ሚሊዮን ቃላትና ሐረጎች ውስጥ ከጉንፋን ወረርሽኝ ጋር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ 45 መርጠው፣ በሽታው የት እንደበረታ ሳይዘገዩ መገመት ጀመሩ።

እኔን ሐሳቡ ብዙም አልገረመኝም። በገጠር የሠራን ሰዎች የራሳችን ጉግል ነበረን። ጎጆ ለጎጆ ስንዞር የአንዱ ጓሮ ዳማከሴ ቅጠሉ ተሸልቅቆ ግንዱ ብቻ ቀርቶ ካየን፣ መንደሩ ውስጥ ትኩሳት መግባቱን እናውቃለን። ሰው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት «ምች ነው» ብሎ ወደ ዳማከሴው ይሄዳል። ገበያ ላይ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ድንገት ሲወደድም እንዲሁ ነው። ዳማከሴው ግን ትኩሳት እንዳለ ይነግረናል እንጂ ጉንፋን ይሁን፣ ወባ ይሁን፣ ተስቦ ይሁን አይነግረንም። ያንን የሚነግረን ደም ብቻ ነው።

የጉግልም ችግር ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አዲሱ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ኤች1ኤን1 ሲነሣ የመጀመሪያውን ማዕበል አሳንሶ አየው። በ2005 ዓ.ም. ክረምታቸው ላይ ደግሞ ከእውነተኛው የሐኪም ቤት ቁጥር እጥፍ ያህል አጋነነ፤ ወሬው በዝቶ ስለነበር ያልታመመውም ይፈልግ ነበርና። በመጨረሻ ነሐሴ 2007 ዓ.ም. ላይ ግምቱን ማውጣት አቆመ። ልጄ እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ ቃላቱ ሲመረጡ ስለ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ የሚጠይቁትም ከጉንፋን ጋር አብረው ብቅ ይሉ ነበር፤ ሁለቱም የሚበረቱት በብርዱ ወራት ነውና። በእኛ አገር በርበሬ በሚለቀምበት ወቅት ወባም ይነሣል። በርበሬ ስለተለቀመ ግን ወባ መጣ አይባልም።

ይህን ሁሉ ስሰማ ሐሳቤ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ አንድ ኮምፒውተር የምዕራብ ጎጃምን ሕመም በስልክ ፍለጋ ቢቆጥር ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? ዜሮ። በሽታ ስለሌለ አይደለም፤ የሚጠይቅበት መንገድ ስለተዘጋ ነው። ዜሮና ዝምታ በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ። ይህን የማውቀው በራሴ እጅ ስላመሳሰልኳቸው ነው።

ነገሩ የሆነው ከ15 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከከተማ ወጣ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የበሽታዎች ቅኝት ተጠሪ ነበርኩ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ከሰኞ እስከ እሑድ የታየውን የወባ ታማሚ ቁጥር ከየጤና ኬላው ሰብስቤ ለወረዳው አሳውቃለሁ፤ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለፌዴራል ያስተላልፋል። ግድግዳችን ላይ ሰንጠረዥ ተሰቅሏል። ያለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ይደረደሩና ከላይ ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር እንደ ወሰን ይያዛል። የዘንድሮው ቁጥር ያንን ሲያልፍ ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጮኻል። ታማሚ ካልተገኘም ዜሮ ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፤ ዜሮ ማለት «አይተናል፣ የለም» ማለት ነው።

በአንድ ጥቅምት ወር የአንዷ ቀበሌ ቅጽ አልመጣም። የኬላዋ ሠራተኛ ወልዳ ቤቷ ነበረች፤ ተተኪ አልተመደበም። ሣጥኑን ባዶ ብተወው ወረዳው ደውሎ «ለምን?» ይለኛል። ስለዚህ ዜሮ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሰኞም ዜሮ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ አንድ አባት የአራት ዓመት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ከዚያች ቀበሌ መጣ። ልጅቱ ራሷን ስታ ትንፈራገጥ ነበር። ወባው ወደ አንጎሏ ወጥቷል። የምንችለውን ሁሉ አደረግን፤ ሌሊቱን አለፈች። በማግሥቱ ቡድን ይዘን ወረድን። ትኩሳት አለብን ብለው ከመጡት ከግማሽ በላይ ወባ ተገኘባቸው። ዳማከሴው ሁሉ ተሸልቅቆ ነበር።

ባዶ ብተወው ኖሮ ወረዳው «ለምን?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ያቺን ልጅ ሊያድናት ይችል የነበረው ያው የሸሸሁት ጥያቄ ነበር።

የወባን ጉዳት ታላላቆቻችን በደንብ ያውቁታል። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደጋማውን አገራችንን የመታው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ተጽፏል። ያኔ በየሳምንቱ የሚቆጥር ጤና ኬላ አልነበረም። ዛሬ ኬላው አለ፤ ወባው ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1157 ሞት በአገራችን ተመዝግቧል።

ኮምፒውተሩን አልጠላም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው «ኤፒዴሚያ» የተባለ ሥርዓት ለክልላችን ሠርተው ነበር። ሳተላይት ከሰማይ ዝናቡንና ሙቀቱን ያያል፤ ዝናብ ወርዶ ውኃ ካቆረ በኋላ ትንኙ ተራብቶ ታማሚ እስኪበዛ ሳምንታት አልፎም ወራት ይወስዳልና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን ያ ሥርዓት ሳተላይቱን ብቻ አያምንም፤ ከየወረዳው በየሳምንቱ የሚመጣውን የታማሚ ቁጥር ከዝናቡ ጋር ያያይዛል። ያ ቁጥር ደግሞ የሚጀምረው ጣቱን ከተወጋ አንድ ልጅ ነው። ልጁ ቤት ከቀረ ሳተላይቱም፣ ጉግሉም፣ የግድግዳው ሰንጠረዥም አያዩትም።

ወላጆችና አያቶች፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ወባ ባለበት አገር ልጅ ሲያተኩሰው ስልኩን ጠይቁት፣ ዝንጅብሉንም አፍሉት፣ ግን 24 ሰዓት ሳይሞላው ደሙን አስመርምሩ። ይህ ልጁን ያድናል፤ ያስቆጥረዋልም። የእናንተ ልጅ ሲቆጠር የጎረቤት ልጅ ሳይታመም መድኃኒቱና መመርመሪያው ሊደርስ ይችላል። የቀበሌያችሁ ኬላ ተዘግቶ ከሰነበተም ዝም አትበሉ፤ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዳችሁ «ለምን?» በሉ።

ያን አባት አሁንም አልፎ አልፎ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን ሰነበቱ እትዬ» ይለኛል፤ ያቺን ሌሊት አብሬው ስላደርኩ ያመሰግነኛል። ስለ ሁለቱ ዜሮዎች አያውቅም። በሚቀጥለው ስንገናኝ ልነግረው ወስኛለሁ።