ኮላ፣ ሞርሳ፣ ታርሲያ

እንጨት ቤት የምንውል ልጆች ሳናውቀው ጣልያንኛ እንናገራለን። ማጣበቂያው ኮላ ነው፣ ማሰሪያው ሞርሳ፣ ስሱ ጣውላ ኮምፔንሳቶ። ጣልያኖቹ ደግሞ በእንጨት ላይ ለሚሠሩት ጌጥ «ታርሲያ» የሚል ቃል አላቸው። የቋንቋ አዋቂዎች ይህ ቃል «ተርሲዕ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው ይላሉ፤ ፈርጥ መሰካት እንደማለት ነው። ይህን ያነበብን ቀን ትንሽ ኮራን፤ ምን ይደረግ!

ደንበኞቻችን ስልካቸውን አውጥተው «እንደዚህ ሥሩልን» የሚሉን ዕቃ ብዙውን ጊዜ እግሩ የተቆለመመ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አበባ የበዛበት ነው። ሮኮኮ ይባላል። በዚህ ሥራ ከጣልያን ፒየትሮ ፒፌቲን የሚያህል የለም ባዮች ነን። ከ1701 እስከ 1777 (እ.ኤ.አ.) ኖረ፤ በ1731 በቱሪን የሳቮይ ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ባለሙያ ሆኖ ተሾመ። የሠራው አንድ ሙሉ የመጻሕፍት ክፍል ዛሬ ሮም፣ ኩዊሪናሌ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል።

አሠራሩን እንንገራችሁ፤ እኛን ያስገረመን እሱ ነው። ዕቃው በሙሉ ከውድ እንጨት አይሠራም። ሥሩ ተራ እንጨት ሲሆን ከላይ ስስ ንጣፍ ይለብሳል። ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸውን ንጣፎች ደርበው፣ ክር በሚመስል መጋዝ አንድ ላይ ይቆርጣሉ፤ ከአንዱ የወጣው ቅጠል የሌላውን ቀዳዳ ይሞላል። የአበባዋ ጥላም ቀለም አይደለም። ቁራጯን በጋለ አሸዋ ውስጥ ከትተው ጠርዟን ያጠይሙታል። አንድ ሰከንድ ከዘገዩ ተቃጠለች! ሆዱ በተነፋ መሳቢያ ላይ ሲሆን ደግሞ ሞርሳ ብቻውን አይበቃም፤ ጎባጣውን ተከትሎ የሚጫን ቅርጽ መሥራት ግድ ነው።

ፒፌቲ ግን በእንጨት አልተወሰነም። የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ልባስ፣ የዛጎል ዕንቁ ይሰካ ነበር። እዚህ ላይ አድናቆታችን ይቀንሳል። ለአንድ ንጉሥ ጠረጴዛ ስንት ፍጡር እንደወደቀ ማን ቆጠረ?

ለነገሩ ከእሱ ስድስት መቶ ዓመት በፊት፣ በ1137 (እ.ኤ.አ.) ኮርዶባ ውስጥ ለመራኪሽ መስጂድ አንድ ሚንበር ተጀምሮ ነበር። በኩቱቢያ ሚንበር ስሙ የሚታወቀው ይሄ ሥራ ዛሬም ሞሮኮ አለ። ጎኑ በአጥንትና ባለ ልዩ ልዩ ቀለም እንጨት፣ እርስ በርሱ በሚተሳሰር ኮከብና መስመር ተሸፍኗል። ምርጫ ከተሰጠን ከፒፌቲ አበባ ይልቅ ይህን እንመርጣለን። ዓይን አይጮህበትም።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ፣ ኤምዲኤፍ ቆርጠን፣ የአበባ ሥዕል የታተመበት ላስቲክ ለጥፈን አንድ ኮሞዲኖ በሁለት ቀን እናስረክባለን። ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው፤ አንንቀውም። ግን ከመሃላችን ታናሹ «እጃችን መቼ ሊማር ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረንም። በየሳምንቱ አንድ ማታ ለእሱ ጥያቄ ሰጠንና ከትርፍራፊ ዋንዛ፣ ወይራና ዝግባ የቁርኣን ረሃል ጀመርን። ያዘዘን የለም፣ ዋጋም አልተቆረጠለትም። ሁለቱ ትልልቆች «ይህ ጊዜ ገንዘብ ነበር» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን ማታ ማታ አይቀሩም።

እስካሁን አንዱ ክንፍ ላይ ሦስት ኮከብ ገብቷል። ሁለተኛው ትንሽ ክፍተት አለው፤ ነቅለን እንደገና እንቆርጠዋለን ኢንሻአላህ።