ካርቱን ይሳል ወይስ ባንክ ይግባ?

በእኛ አገር «ሥራ» ተብለው የሚቆጠሩት ሥራዎች ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ባንክ፣ መንግሥት ቤት… አሁን አሁን ደግሞ ደላላ። ከእነዚህ ውጪ የሆነ ነገር የተማረ ሰው ትምህርቱን ለዘመድ ለማስረዳት ሌላ ዲግሪ ያስፈልገዋል። እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬ ስመረቅ አጎቴ «ታዲያ መቼ ነው በቴሌቪዥን የምናይሽ?» ብሎኝ ነበር። እስካሁን ዜና በመጣ ቁጥር እያየ ይጠብቃል። እኔስ ይሁን፣ ቢያንስ ስሙን ሰው የሚያውቀው ነገር ነው የተማርኩት። «የኮምፒውተር ግራፊክስና የአኒሜሽን ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ልጅስ ምን ይበል? ለማንስ ይበል?

እንዲህ የሚል ልጅ በዘመድ አለን!

የእናቴ አገር እስቴ ነው፣ መካነ ኢየሱስ። እህቷ ግን ጋይንት ተድራ ነፋስ መውጫ ነው የምትኖረው። (የከተማዋን ስም ያወጣላት ሰው ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ያደረ መሆን አለበት።) የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል። የመመረቂያ ሥራው ምን መሰላችሁ? የሣር ክዳን ጎጆ! ብሌንደር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተሠራ፣ ዙሪያውን እያዞራችሁ የምታዩት፣ ከክዳኑ ጭስ የሚወጣለት ጎጆ። የሣር ክዳን ፎቶ ፍለጋ ስማዳና እስቴ ድረስ ዞሯል፤ ምክንያቱም ዛሬ አብዛኛው ሰው ቆርቆሮ አልብሷል። ብርሃኑ በሣሩ መሃል ሾልኮ ሲገባ ለማሳየት ብቻ አራት ወር ፈጅቶበታል።

ሲጨርስ ለእናቱ አሳያት። አየችና «ልጄ፣ ጎጆ እኮ ደጅ ሞልቶልሃል፤ ምን አደከመህ?» አለችው።

ሳቅን። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ልጁ የባንክ ፈተና አልፎ ነበር። አባቱ በሕይወት የሉም፤ ከሥሩ ሁለት የሚማሩ እህቶች አሉት። እሱ ደግሞ «ባንክ ከገባሁ ይኼ ነገር ያልቅለታል» ብሎ አንገራገረ። አክስቴ ደወለችልኝ። «አንች ጋዜጠኛ ነኝ ትይ የለ? እስቲ ጠይቀሽ ንገሪኝ፤ ካርቱን መሳል ያበላል? ትምህርትስ ነው?»

እኔም የተማርኩት መጠየቅ ነውና ጠየቅኩ፤ አነበብኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ትምህርት ነው። ያውም ከባድ ትምህርት። ጅማሬው ላይ ስሙ የሚጠራው በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤድ ካትመል የሚባል ተማሪ የግራ እጁን ቅርጽ ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ጣቶቹ ሲታጠፉ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠራ። የዛሬ ልጆች ቢያዩት ይስቁበታል። ይኸው ሰው ግን በኋላ ፒክሳርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ፒክሳርም በ1995 ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም «ቶይ ስቶሪ»ን አወጣ። በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሚባለውን የ2019ን የቱሪንግ ሽልማት ከፓት ሃንራሃን ጋር የተጋራውም በዚሁ ሙያ ነው። ከእጅ ጣት እስከ ሽልማቱ 47 ዓመት! (ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም።)

እዚያው ዩታ፣ ማርቲን ኒዌል የሚባል ተመራማሪ በ1975 የሚሞክርበት ቅርጽ አጥቶ የቤቱን የሻይ ማንቆርቆሪያ በቁጥር አስቀመጠው። እጀታ አለው፣ አፍ አለው፣ ሆዱ ክብ ነው፤ ብርሃንና ጥላን ለመፈተን ይመቻል። ያ ማንቆርቆሪያ እስከ ዛሬ የሙያው ምልክት ነው። እኔ ግን ስለሱ ሳነብ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፤ ሰውዬው የእኛ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ዓለም በሙሉ ዛሬ በጀበና ይማር ነበር! የሚሳለው በአቅራቢያ ያለው ነዋ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የቡይ ቱኦንግ ፎንግ ነገር ነው። በ1942 ሃኖይ፣ ቬትናም የተወለደ ልጅ። በተወለወለ ሲኒ ላይ የምታዩዋት የምታብረቀርቅ ነጥብ አለች አይደል? እሷን ኮምፒውተር እንዴት አስልቶ ማስቀመጥ እንደሚችል ያሳየ ሰው ነው። ብርሃንን በሦስት ከፈለው፤ ከየቦታው የሚደርስ ደብዛዛ ብርሃን፣ ዕቃው ላይ አርፎ የሚበተን ብርሃን፣ እና ነጥሮ ዓይን የሚወጋ ብርሃን። ሥራው በ1975 ታተመ። በዚያው ዓመት በ32 ዓመቱ አረፈ። ዘዴው ዛሬም በስሙ «ፎንግ» እየተባለ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ፎንግ የራሱ ስም ነው፤ በእነሱ አጻጻፍ የቤተሰብ ስም ፊት ይመጣል። እኛን በአባታችን ስም እየጠሩ ግራ የሚያጋቡን ፈረንጆች እሱን በራሱ ስም ጠርተው ሳያውቁት ልክ እንደ እኛ አደረጉት።

«የቬትናሙስ ይሁን፣ የእኛ ሰው አለ?» ትሉኛላችሁ። አክስቴም ብላለች። አለ!

ቴዎድሮስ ሀብተገብርኤል የሚባል ተመራማሪ በጀርመን ካይዘርስላውተርን ከተማ ሆኖ የሠራው ሥራ በ2020 ኒውሪፕስ በተባለው ትልቅ ጉባኤ ቀርቧል። ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። ለኮምፒውተሩ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ «ይኼ መንገድ፣ ይኼ ዛፍ፣ ይኼ ቤት» የሚል ንድፍ ትሰጡታላችሁ። እሱ ደግሞ ቦታው ከሌላ አቅጣጫ ምን እንደሚመስል እውነተኛ ፎቶ አስመስሎ ያወጣላችኋል። ያልታየውን ማየት ማለት ነው።

ይኸው ስም ከባሕር ዳሩ ተመራማሪ ከብርሃኑ በላይና ከሌሎች ጋር በሌላ ሥራም ላይ አለ። እሱ ደግሞ ኮምፒውተር የአማርኛ ጽሑፍን ከምስል ላይ እንዲያነብ የሚያስተምር ነው። ለትምህርቱ 337,337 የመስመር ምስሎች ተዘጋጁ። ከእነዚህ ውስጥ ከታተመ ወረቀት የተወሰዱት 40,929 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ገባችሁ? ማሽኑ ማንበብ የተማረው ብዙውን ማሽን ራሱ ከሳለው ነው። ስለዚህ አክስቴ ሆይ፣ ነገሩ ካርቱን ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ጋይንት ትመጣለች። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አለች፤ የድጓ ምስክር ቤት። ቶማስ ፓክንሃም የሚባል እንግሊዛዊ በ1955 እዚያ ሲደርስ ከውጪ ያየው ክብ የሣር ክዳን ነበር። ውስጡ ሲገባ ግን ከመካከለኛው ዘመን የተረፈ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ለእሱ ግኝት ነበር፤ ለጋይንት ሰው ግን ዘወትር የሚሳለመው ደብሩ ነው።

አሁን ያንን ክብ ክዳን ለማሽኑ ስጡትና «ውስጡን አሳየኝ» በሉት። ምን ያወጣል? ማሽን የሚገምተው ካሳዩት ነገር ተነስቶ ነው። ያላሳዩትን አያውቅም። የሌላ አገር ሳሎንና አስፋልት ሲያይ ያደገ ማሽን ከክዳኑ ሥር ድንጋይ እንዳለ በምን ይጠርጥር? የሚጠረጥረው እዚያ ያደገ ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ አራት ወር ሙሉ በሣር መሃል ስለሚሾልክ ብርሃን የተጨነቀው ሥራ ፈትቶ እንዳልሆነ የገባኝ ይኼኔ ነው። እሱ የሚያውቀውን ብርሃን ሌላ ሰው አልቆጠረውም።

እሺ፣ መንገዱስ? መንገዱ ረጅም ነው። ሒሳብ፣ ከዚያ ማስተርስ፣ ከዚያ የዓመታት ዶክትሬት። ጽሑፍ ትልካለህ፣ ገምጋሚዎች ይጥሉታል፣ አሻሽለህ ትልካለህ፣ ይጥሉታል። ሲያልፍልህ ደግሞ ቪዛ አለ፤ በ2018 ሞንትሪያል በተደረገው ኒውሪፕስ ብዙ የአፍሪካ ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። «እንግዲያው ጉባኤው ወደ እኛ ይምጣ» ተብሎ ሌላው ትልቅ ጉባኤ፣ አይ.ሲ.ኤል.አር.፣ በ2020 አዲስ አበባ እንዲሆን ተቆረጠ። ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ሆነ። ዕድላችን!

ለነፋስ መውጫ ልጅ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ልጁ በቪዲዮ የሚከታተለው ትምህርት መሃሉ ላይ ቀረ። ብሌንደር ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራልና አስቀድሞ ያወረደውን እየደጋገመ፣ መብራት ሲኖር እየሠራ ቆየ።

ይህን ሁሉ ይዤ ለአክስቴ ደወልኩ። ዶክትሬትን በምን ላስረዳት? አሰብኩና በምታውቀው ጀመርኩ። «የድጓ ተማሪን አስቢ፤ በልጅነቱ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ይወጣል፣ ከየኔታ ወደ የኔታ ይዞራል፣ ዓመታት ይፈጃል፣ መጨረሻ ላይ ቤተ ልሔም ገብቶ ይመሰክራል። ይኼም እንደዚያ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «እሱስ ገባኝ የኔ ዓለም» አለች። «ግን የድጓ ተማሪ ለምኖ ራሱን ነው የሚያበላ። የኔ ልጅ እህቶች አሉት።»

ለዚህ መልስ የለኝም። እናንተ አላችሁ? «ሕልምህን ተከተል» የሚለው ምክር የቤት ኪራይና የሁለት እህቶች ደብተር ሲመጣበት ድምፁ ይቀንሳል። አክስቴ ትምህርት የማታውቅ ሴት አይደለችም፤ ሒሳቧ ትክክል ነው። የልጁም ሒሳብ ትክክል ነው። የሁለቱን ሒሳብ የሚያስታርቅ ተቋም በአቅራቢያቸው አለመኖሩ ነው ችግሩ። ጀርመንን በመሳሰሉ አገሮች ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎች እንደ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። እኛ ጋ ምርምር ገና ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሠራ ነገር ነው።

ልጁ ባንክ ገብቷል። ቀን ገንዘብ ይቆጥራል፣ ማታ ሒሳብ ያጠናል፤ ደመወዝ የሚከፍሉ የማስተርስ ዕድሎችንም ይፈልጋል። ከመጀመሪያ ደመወዙ ለእህቶቹ ጫማ ገዛ። በሁለተኛው ለላፕቶፑ ተጨማሪ ሜሞሪ። አክስቴ ይህን ስትሰማ «ሜሞሪው ጭሱን ያጠራዋል?» ብላ ጠየቀችው አሉ። «አዎ» አላት። «በል እንግዲያው» አለችው።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ጎጆ የሚስል ልጅ ካለ «ያበላል ወይ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ጠይቁት። ግን ከዚያ በፊት አንዴ «እንዴት ሠራኸው?» በሉት።

ቸር ይግጠመን።