በወላይታ ጓሮ የተማርነው ትዕግሥት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚያደርሰው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እየተጫወቱ ለሚሄዱ ሰዎች ሩቅ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ግን ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር እናቱን ልንጠይቅ ስንወርድ መንገዱ በጣም ረዘመብን። ምክንያቱም ብዙ አላወራንም።

ባለቤቴ ከጓደኛው ጋር የከፈተው ሥራ ከከሰረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ያጣነው ግን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ከተጋባን ጀምሮ ያልተቋረጠው የማታ ጸሎታችን መጀመሪያ አጠረ፣ ቀጥሎ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ፣ በመጨረሻም ቀረ። እሑድ እሑድ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናመልካለን፤ ቤት ስንገባ ግን ስለ ጌታ የሚያነሣ የለም። እኔም ብሆን በመዝሙር ሰዓት እጅ ሰዓቴን ማየት ጀምሬ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ በእውነት ከእኛ ጋር ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ሁለታችንም በልባችን ይዘን፣ አንዳችን ለሌላው ሳንናገር እንኖር ነበር።

ዳሞታ ተራራ ሥር

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሰማዩ ሲጠራ የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ይታያል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ቤቶቹ በእንሰት ተከበው ያገኟቸዋል። ቡናው፣ ጎመኑና ቦዬው ሁሉ ከቤቱ አካባቢ ነው። የሌላው ማሳ ሰብል በዝናብ እጥረት ሲደርቅ እንሰት ግን ስለሚቋቋም፣ ለብዙ ቤተሰብ የክፉ ቀን መሸሸጊያ ሆኖ ኖሯል።

በማግስቱ ጠዋት አማቴን ጓሮ ውስጥ አገኘኋቸው። አንዲት ጠንካራ እንሰት ከመሬቱ አጠገብ አስቆርጠው፣ መሐሏን በቢላዋ እየፈለፈሉ ነበር። ደነገጥሁ። «እማዬ፣ ምነው ይችን የመሰለች እንሰት አስቆረጡ?» አልኋቸው።

አማቴ አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ ሳቅ ብለው በወላይትኛ መለሱልኝ። ባለቤቴ ይተረጉምልኝ ጀመር። እንሰት በዘር አይባዛም። ችግኝ ሲፈለግ እናቲቱ ትቆረጣለች፣ ቡቃያ የሚወጣበት ልቧ ይወጣል፣ ሥሯ ከፍግ ጋር በአፈር ይሸፈናል። ልቧ ካልተነካ ያቺው አንዷ ብቻ ተመልሳ ትበቅላለች። ልቧ ሲወጣ ግን ከወራት በኋላ ከዙሪያዋ ብዙ ችግኞች ይፈነዳሉ። እነርሱም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው እየተነቀሉ ይተከላሉ። ለቆጮና ለቡላ እስኪደርሱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃሉ።

እማዬ እጃቸውን ከአፈሩ ሳያነሡ ጨመሩበት። ባለቤቴ እንዲህ ብሎ ተረጎመው፦ «ተቀብራ ሳለች ሄጄ አልቆፍርም ትላለች። ሞተች ወይ ብዬ ብቆፍር የምገድላት እኔ ነኝ። ፍጓን እጨምራለሁ፣ ዝናቡን እጠብቃለሁ፤ እግዚአብሔር...» አለና ድምፁ ተቋረጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ በቤታችን ያልጠራውን ስም ለእናቱ ሲል መጥራት ነበረበት። ጥቂት ቆይቶ፣ «እግዚአብሔር ከመሬት በታችም ይሠራል ትላለች» ብሎ ጨረሰው።

አርባ ስምንት ሰዎች

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በከተማው ስንዘዋወር የዚህን ምድር የወንጌል ታሪክ አስታወስሁ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች ሶዶ የደረሱት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ አማኞች እስኪጠመቁ ድረስ 5 ዓመት አለፈ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ሚስዮናውያኑ አካባቢውን ለቀው እንዲወጡ ሲገደዱ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸው ቃል የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ክፍሎች ብቻ ነበር።

ለሰው ዓይን ሥራው ልቡ ተቆርጦ ተቀብሯል። መሪዎቹ ታሰሩ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉት በአደባባይ ተገረፉ። ነገር ግን አማኞቹ እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ፣ ለታሰሩት ስንቅ እያቀበሉ ጸኑ። ሚስዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ አገኙ። በደርግ ዘመንም በወላይታ ብዙ ቤተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል። ዛሬ ግን በዚያ የእሑድ ዝማሬ ከሩቅ ይሰማል።

በእጃቸው የነበረው የማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 4፥26-29 ዘር ስለዘራ ገበሬ ይናገራል። ገበሬው ይተኛል፣ ይነሣል፤ ዘሩ ግን እንዴት እንደሆነ እርሱ ሳያውቅ ያድጋል። እነዚያ 48 ሰዎች ይህን ክፍል በኑሯቸው አይተውታል።

ለእኛስ?

የተወደዳችሁ ባለ ትዳሮች፣ ደረቅ ወቅት ሁሉ የኃጢአት ቅጣት አይደለም። በእርግጥ ንስሐ የሚያስፈልገን ጊዜ አለ፤ ልባችንን መመርመር ይገባናል። ዳሩ ግን በቃሉ ፊት ተመርምረን ምንም ሳናገኝ ዝምታው ከቀጠለ፣ ተጥለን ሳይሆን ተተክለን ይሆናል። የእኛ ስሕተት በየቀኑ አፈሩን መቆፈራችን ነው። «ለምን አልበቀለም? የማን ጥፋት ነው?» እያልን አንዳችን የሌላችንን ሥር እንጎዳለን።

እማዬ ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ፍጉን በየጊዜው ይጨምራሉ። ስሜት ባይኖርም ቃሉን ማንበብ፣ አጭርም ብትሆን አብሮ መጸለይ፣ ከቅዱሳን ኅብረት አለመቅረት የእኛ ድርሻ ነው። ማብቀሉ የታማኙ አምላክ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ (6፥9)፣ ሳንታክት ብንጸና በጊዜው እንደምናጭድ ያስገነዝበናል።

የዚያን ዕለት ማታ የተኛንበት ክፍል መብራቱ ከጠፋ በኋላ ባለቤቴ እጄን ያዘ። «ምን እንደምል አላውቅም» አለኝ። «እኔም አላውቅም» አልሁት። ከዚያ፣ «ጌታ ሆይ፣ አልተውኸንም» አለ፤ እኔም «አሜን» አልሁ። ጸሎታችን ይኸው ነበር።

የከሰረው ሥራ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ዕዳውንም ገና እየከፈልን ነው። የማታው ጸሎት ግን ተመልሷል። አንዳንድ ቀን ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ስንመለስ እማዬ ቡላና ዳጣ ቋጥረው ሰጥተውን ነበር። መንገዱም በመመለሻችን አጠረልን፤ ሆሳዕና ስንደርስ ገና ወሬያችንን አልጨረስንም ነበርና።

በየጓሯችን የተቀበረውን የሚያውቅ ጌታ በትዕግሥት ያጽናን። ተባረኩ።